አያቴ የማረከው ጠመንጃ

ጠመንጃ ምስክርነት ሲጠየቅ ዝም ይላል። የሚናገርለት ባለቤቱ ነው። ባለቤቱ ጠመንጃውን የገዛው ባለፈው ቅዳሜ ቢሆንም የሰማንያ ዓመት ታሪኩን አንድ ሳያስቀር ይተርክላችኋል፤ በየትኛው ጫካ እንደተተኮሰ፣ በማን ትከሻ ላይ እንደዋለ፣ የትኛው መኮንን እጁን ሲሰጥ እንዳስረከበው ያውቃል። የማያውቀው ነገር ቢኖር ለሚስቱ የነገራት ዋጋ ከከፈለው ዋጋ ጋር ለምን እንደማይገጥም ብቻ ነው።

እኔ ጠመንጃ አልሰበስብም፤ የምሰበስበው ሰብሳቢዎቹን ነው። ለዚህ ሥራ የምኖርበት ሰሜን ቨርጂኒያ ምቹ ነው። ሻንቲሊ በሚገኘው ትልቅ አዳራሽ የጠመንጃ ትርኢት ሲኖር መግቢያውን ከፍሎ መዞር ነው። በአንዱ ረድፍ አዳዲሱ መሣሪያ፣ በሌላው ሳንጃና የብረት ቆብ፣ መካከል ላይ ደግሞ ቋንጣ ሻጭ አለ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ዕድሜው እንዲረጋገጥለት ማንም የማይፈልገው ዕቃ ያ ቋንጣ ብቻ ነው። የእኔ ሰዎች ጥግ ጥጉን ይዘዋል። ብርድ ልብስ አንጥፈው ሁለቱን የዓለም ጦርነቶች ያየ አሮጌ ጠመንጃ ደርድረዋል። ጠመንጃው ላይ «መንካት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተንጠልጥሏል፤ ወሬው ግን ክልከላ የለበትም።

ይህ ፍቅር እንዴት እንደጀመረ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የቨርጂኒያዋን አሌክሳንድሪያን ዛሬ ብዙዎቻችን የምናውቃት በእንጀራ መሸጫዋና በሐበሻ ታክሲ ነጂዎቿ ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ግን (የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በፖቶማክ ወንዝ ዳር ያሉት መጋዘኖቿ ዓለም ተዋግቶ የጨረሰባቸው ጠመንጃዎች ማራገፊያ ነበሩ። ሳሙኤል ከሚንግስ የተባለ ነጋዴ በ1953 ኢንተርአርምስን አቋቁሞ መንግሥታት ያረጀባቸውን መሣሪያ በጅምላ ይገዛ፣ ለአሜሪካ አዳኝና ተኳሽ በርካሽ ይቸረችር ጀመር። ገበሬው አጋዘን ለማደን፣ ጎረምሳው ጣሳ ለመምታት ገዛ። ያን ጊዜ ስለ ታሪኩ የጠየቀ አልነበረም፤ ጥያቄው «ይተኩሳል ወይ?» የሚል ነበር።

ጠመንጃ በፖስታ የሚታዘዝበት ዘመን ነበር። ፕሬዚዳንት ኬኔዲን የገደለው ሊ ሃርቪ ኦስዋልድ በ1963 በሐሰት ስም ከአንድ የቺካጎ ሱቅ ያዘዘው የጣልያን ካርካኖ ከነማነጣጠሪያ መነጽሩ 19 ዶላር ከ95 ሳንቲም ነበር። ተራ ቁጥሩ ሲ2766 ነው፤ ማን ገዛው፣ በስንት ገዛው፣ ምን ሠራበት የሚለው ሁሉ ተመርምሮ ተጽፏል። ጠመንጃው ዛሬ በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛል። ሰብሳቢዎች የሚመኙት «ታሪኩ ከነማስረጃው የተሟላ ጠመንጃ» ይኸውና፤ የሚሸጥ ግን አይደለም።

ከዚያ በኋላ የ1968ቱ የፌዴራል የጠመንጃ ሕግ መጣ። የፖስታው ትእዛዝ ቆመ፤ ከውጭ የሚገባው የሠራዊት ትራፊም ለዓመታት ተዘጋ። በ1980ዎቹ አጋማሽ በሩ እንደገና ሲከፈት አሮጌ ጠመንጃ ክብር አግኝቶ ተመለሰ። ሃምሳ ዓመት የሞላው ጠመንጃ «ብርቅዬ ቅርስ» ይባላል፤ ሰብሳቢው 30 ዶላር ከፍሎ የሦስት ዓመት ፈቃድ ያወጣና ቅርሱ ቤቱ ድረስ ይመጣለታል። ከ1899 በፊት የተሠራው ደግሞ በፌዴራሉ ሕግ ጭራሽ ከጠመንጃ አይቆጠርም። በዚህ ሕግ መሠረት በ1896 አድዋ ላይ የተተኮሰው ጠመንጃ ሁሉ ዛሬ የግድግዳ ጌጥ ነው ማለት ነው። እዚያ የተሸነፈው የጣልያኑ ጄኔራል ባራቲየሪ ይህን ቢሰማ ምናልባት ይጽናና ነበር።

ወደ ትዝብቴ ልግባ። የመጀመሪያው የሰብሳቢ ደዌ የአያት ደዌ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለው የጀርመን መውዜር ይሁን የጃፓን አሪሳካ፣ «አያቴ ከጦር ሜዳ ይዞት የመጣ» ካልተባለ ዋጋው አይነሣም። ማስረጃው ምንድን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ዝግጁ ነው፦ «የአስመጪ ምልክት የለውም!» በ1968ቱ ሕግ ምክንያት ከውጭ በንግድ የሚገባ ጠመንጃ ሁሉ የአስመጪው ስም ይመታበታል። ሰብሳቢው ይህችን ትንሽ ጽሑፍ እንደ ቁምጥና ይፈራታል፤ የሌለችበትን ጠመንጃ ካገኘ «በንግድ ካልገባ አንድ ወታደር ይዞት መጥቷል» ብሎ ይደመድማል። ከሚንግስ ከሕጉ በፊት በመርከብ ያራገፈው አብዛኛው ምልክት እንደሌለው ይረሳዋል። አያትዬው ጠመንጃውን ያገኘው ኖርማንዲ ላይ ሳይሆን ከሱቅ፣ በሃያ ዶላር፣ ከነደረሰኙ ሊሆን ይችላል። ደረሰኙ ግን ጠፍቷል፤ እንዲህ ያለ ደረሰኝ ሁልጊዜ ይጠፋል።

የጃፓኑ አሪሳካ ጉዳይ ከዚህም ይብሳል። በቃታው ቤት ላይ ባለ 16 ቅጠል አበባ ተቀርጿል፤ የንጉሠ ነገሥቱ ምልክት ነው። ጃፓን በ1945 እጅ ስትሰጥ በአብዛኞቹ ጠመንጃዎች ላይ የነበረው አበባ ተፍቆ ነው የተረከቡት። ስለዚህ አበባው ያልተፋቀ ከሆነ «ከውጊያ ላይ የተማረከ ነው» ይባልና ዋጋው ይወጣል፤ ከተፋቀ «ከክምር ውስጥ የተነሣ ነው» ይባልና ይወርዳል። አበባው የተፋቀበት ባለቤት ምን ይላል? «አያቴ ራሱ ነው የፋቀው፤ በንዴት።» ለዚህ ምን መልስ ይገኛል!

የፈረንሳይ ጠመንጃ የሚሸጠው ሰውዬ ደግሞ ሰባ ዓመት የሞላት ቀልዱን ሳይናገር አያልፍም፦ «ጭራሽ አልተተኮሰም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ወድቋል።» በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ፈረንሳዮች ሞተዋል፤ ብዙዎቹም ለበል የሚባለው ያው የፈረንሳይ ጠመንጃ በእጃቸው እንደነበር ነው። ቀልደኛው ግን ከሶፋው ራቅ ብሎ የተዋጋው ጦርነት ቢኖር ከመኪና ማቆሚያ ቦታ ጋር ነው።

ሁለተኛው ደዌ የቁጥር ነው። በሠራዊት ጠመንጃ ላይ ተራ ቁጥሩ አንድ ቦታ ብቻ አይጻፍም። በሩሲያው ሞሲን ናጋንት በርሜሉ ላይ፣ ቃታው ላይ፣ የጥይት ካዝናው ክዳን ላይ፣ የሰደፉ ብረት ላይ ይመታል። አራቱም ከገጠሙ ባለቤቱ ልጁ የማዕረግ ተመራቂ የሆነለት ያህል ነው። «ሁሉም ይገጥማል!» ሲል ድምፁ ይለወጣል። ችግሩ የሶቪየት የጥገና መጋዘኖች ከጦርነቱ በኋላ ጠመንጃዎቹን በታትነው፣ አጥበው፣ ካገኙት ክምር ላይ ቃታና ካዝና አንሥተው ከገጣጠሙ በኋላ ቁጥሩን ራሳቸው እንዲገጥም አድርገው መጻፋቸው ነው። የድሮውን ቁጥር በመስመር ሰርዘው አዲሱን ከጎኑ ጻፉ። እነሱ የፈለጉት የሚተኩስ ጠመንጃ ነበር፤ ለቨርጂኒያ ሰብሳቢ ብለው ያደረጉት ነገር የለም።

ሞሲን ናጋንት ከ30 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። በ1990ዎቹ እዚህ አገር በቅባት ተለውሶ በሣጥን ሲመጣ ከ100 ዶላር በታች ነበር። ቅባቱ ኮስሞሊን ይባላል፤ ብረት እንዳይዝግ ይቀባል፤ ቡናማ፣ ወፍራም፣ ከእንጨቱ ውስጥ ገብቶ ለዓመታት የማይለቅ ነገር ነው። እሱን ለማስለቀቅ ሲሉ ጠመንጃ በመታጠቢያ ገንዳ የነከሩ፣ በጥቁር ላስቲክ ጠቅልለው መኪና ውስጥ ለፀሐይ ያሰጡ፣ በምግብ ማብሰያ ምድጃ ያሞቁ ጎልማሶችን አውቃለሁ። ሚስቶቻቸውንም አውቃለሁ። ያን ጊዜ «ማን ይፈልገዋል» ተብሎ የተናቀው ሞሲን ዋጋው ከተወደደ ወዲህ፣ እንደ ጎመን ሲቸረቸር ያላዩት ሁሉ «ብርቅ ነው» ይሏችኋል።

የጀርመኑን መውዜር ነገር ባላነሣው ይሻለኝ ነበር፤ ግን አይታለፍም። ሶቪየቶች የማረኩትን በታትነው ሲገጣጥሙ የናዚውን ንስርና መስቀል በብዙዎቹ ላይ ቀጥቅጠው አጠፉት፤ በርሜሉ አጠገብም የኤክስ ምልክት መቱበት። ሰብሳቢው ይህን «የተበላሸ» ይለዋል። ናዚን ያሸነፈው ሠራዊት የናዚን ምልክት ስላጠፋ ጠመንጃው ረከሰ ማለት ነው። ንስሩ ያልተነካበት ይወደዳል፤ የኤስኤስ ምልክት ካለበት ደግሞ ጨረታው ይጦፋል። ገበያው እንዲህ ከሆነ ፎርጅድ ሠሪው ምን ያድርግ? ማኅተሙን አስቀርጾ ይመታል። በጦርነቱ ዘመን የኤስኤስ ጠመንጃ ስንት እንደነበረ ባላውቅም ዛሬ በየትርኢቱ ከሚታየው እንደሚያንስ አልጠራጠርም።

ፎርጅድ ካነሣን አይቀር ሙያውን እናድንቅ። አዲሱን እንጨት በሻይና በቡና ውኃ ማጥቆር፣ በጫማ ቀለም ማወዛት፣ በሰንሰለት እየደበደቡ መሰንጠቅና ማጎድጎድ የጀማሪ ሥራ ነው። አዋቂው ይህን በአፍንጫው ይለየዋል፤ ከ1943 የመጣ ሰደፍ የቡና ሽታ የለውም። ከዚያ ወደ ማኅተሙ ይሄዳል። በእንጨት ላይ በወቅቱ የተመታ ማኅተም ጠርዙ በሰው እጅ መዳሰስ ተልጓል፤ እንጨቱ በአሸዋ ወረቀት ከተፋቀ በኋላ የተመታው ግን ጠርዙ ስል ነው። በብረት ላይ ደግሞ የፊደሉ ጉድጓድ ይታያል። አንዳንዱ ማኅተም ብረቱ ከመጥቆሩ በፊት፣ አንዳንዱ ከጠቆረ በኋላ ነው የሚመታው። አዋቂው የትኛው የቱ እንደሆነ ለይቶ ወፍራም መጽሐፍ ይጽፋል። መጽሐፉ ሲወጣ ቀድሞ የሚገዛው ፎርጅድ ሠሪው ነው። በሚቀጥለው ዓመት ስሕተቱን አርሞ ይመጣል፤ አዋቂውም ሁለተኛ እትም ያወጣል። ሁለቱ ተባብረው ጥሩ ኑሮ ይኖራሉ።

ሦስተኛው ደዌ ግን ከሁሉም ይልቅ ያስቀኛል፤ ምክንያቱም ፎርጅዱን የሚሠራው ሐቀኛው ሰውዬ ራሱ ነው። ጆን ጋራንድ የነደፈው ኤም 1 በ1936 የአሜሪካ ሠራዊት ጠመንጃ ሆነ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብቻ አራት ሚሊዮን ያህል ተሠራ። ከጦርነቱ በኋላ የሠራዊቱ ግምጃ ቤቶች ሰብስበው ፈቱት፣ ያለቀውን ጣሉ፣ ደህናውን ገጣጠሙ። ስለዚህ ዛሬ በመንግሥት ፈቃድ በሚሸጥበት በአላባማው አኒስተን በኩል የሚገኘው ጋራንድ አካሉ የስፕሪንግፊልድ፣ ምላጩ የዊንቸስተር፣ በርሜሉ የ1950ዎቹ ሊሆን ይችላል። እውነተኛ የወታደር ጠመንጃ ማለት ይኸው ነው፤ ወታደር ጠመንጃውን አይሰበስብም፣ ይጠቀምበታል።

ሰብሳቢው ግን ይህ አይዋጥለትም። እያንዳንዱ ብሎንና ብረት የፋብሪካ የንድፍ ቁጥር አለው፤ የ1942 ጠመንጃ የ1942 ብረት ብቻ ሊኖረው ይገባል ይላል። ስለዚህ በየትርኢቱ እየዞረ የ1942 ምላጭ፣ የ1942 ማነጣጠሪያ፣ የ1942 ብሎን ይገዛል። የሠራዊቱ ግምጃ ቤቶች የገጠሙትን በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ይፈታና በራሱ ገጥሞ «አሁን ትክክለኛ ሆነ» ብሎ ስም ያወጣለታል። ታሪክ ያለውን ጠመንጃ አፍርሶ ታሪክ የሚመስል ጠመንጃ ሠራ። ኮሪያ የሄደውን ምላጭ አውጥቶ፣ ምናልባት ከካንሳስ ወጥቶ የማያውቀውን ምላጭ አስገባ።

የዚሁ ደዌ ሌላ ዘር አለ። በ1950ዎቹና 60ዎቹ ርካሹን የሠራዊት መውዜር የገዙ አባቶች ለአደን እንዲቀልላቸው እንጨቱን በመጋዝ ቆርጠው አሳጠሩት። በጊዜው እጅግ ብልህ ሥራ ነበር፤ ጎረቤትም መጋዝ ይዋስ ነበር። ዛሬ ልጆቻቸው የተቆረጠውን እንጨት ለመመለስ ሙሉ ሰደፍ ፍለጋ ከግዛት ግዛት ይባዝናሉ፤ ለእንጨቱ ብቻ የሚያወጡት ገንዘብ አባትዬው ለሙሉ ጠመንጃ ካወጣው ጋር አይወዳደርም። አባት በነፃ የቆረጠውን ልጅ በዕዳ ይቀጥላል።

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ። ከ2018 ገደማ ጀምሮ በሻንቲሊ ጠረጴዛዎች ላይ የማውቃቸው ፊቶች መታየት ጀመሩ። ከኢትዮጵያ መጋዘኖች የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች ወደ አሜሪካ ገበያ ገብተው ነበር። እኛ ውጅግራ የምንለው የ1874ቱ የፈረንሳይ ግራ፣ ምንሽር የምንለው የኦስትሪያ ማንሊከር፣ የጣልያን ቬተርሊና ካርካኖ፣ የቤልጅግና የጀርመን መውዜር። ከመውዜሮቹ የይሁዳ አንበሳ የተቀረጸባቸው አሉ፤ ፈረንጁ ለአንበሳው ሲል ይሻማባቸዋል። ሂትለር በ1935 ሙሶሊኒ አፍሪቃ ውስጥ ተጠምዶ እንዲቆይለት ፈልጎ 10,000 መውዜርና 10 ሚሊዮን ጥይት በምስጢር ለኢትዮጵያ መላኩን ሻጮቹ ከእኛ ይልቅ አሳምረው ያውቁታል። የዚህ ታሪክ ወሬ በጠመንጃው ላይ ስንት መቶ ዶላር እንደሚጨምርም እንዲሁ።

ከሁሉ ያስደነቀኝ የአሜሪካው ካርባይን ነው። ኤም 1 ካርባይን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከስድስት ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል፤ ከአምራቾቹ መካከል የጽሕፈት መኪና ፋብሪካው አንደርውድ፣ አይቢኤም፣ ሳንቲም ሲከቱበት ዘፈን የሚያጫውተውን ሣጥን የሚሠራው ሮክ ኦላ ይገኙበታል። ሰብሳቢው አብልጦ የሚመኘው የጦር መሣሪያ ፋብሪካ የሠራውን ሳይሆን የዘፈን ሣጥን ሠሪው የሠራውን ነው፤ ጥቂት ስለሆነ። ካርባይኑ ወደ ኢትዮጵያ የሄደው በወዳጅነቱ ዘመን፣ በወታደራዊ ዕርዳታ ነበር። በዕርዳታ የሄደው ከሰባ ዓመት ገደማ በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ ለሰጪዎቹ የልጅ ልጆች በዶላር ተሸጠላቸው። በዓለም ላይ ከነወለዱ የተመለሰ ብቸኛ ዕርዳታ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

እነዚህ የእኛ ጠመንጃዎች ቆንጆ አይደሉም። ዝገት በልቷቸዋል፤ እንጨታቸው ተሰንጥቋል። የተሰነጠቀውን ባላገሩ በጠፍር ጠፍሮታል፣ በቆርቆሮ ለብጦታል፣ በምስማር ቸክሎታል። መጀመሪያ ፈረንጁ አይቶ አፍንጫውን ነፋ፤ ቆየት ብሎ ግን «የጦረኛ ጥገና» የሚል ስም አወጣለትና ጠፍር ያለበት ጠፍር ከሌለበት ይወደድ ጀመር። አንዱ ሻጭ ጠፍሩን እያሳየ ለተሰበሰበው ሰው ሲያብራራ ሰማሁት፤ «ይህ በአድዋ ጦርነት ላይ ተሰብሮ፣ እዚያው በውጊያው መካከል የተጠገነ ነው።» አጠገቤ አንድ የአገሬ ሰው፣ ሸበቶ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

«ምን አለ ልጄ?» አሉኝ።

ተረጎምኩላቸው። ጎንበስ ብለው ጠፍሩን አዩት።

«ይህ እኮ የጥጃ ቆዳ ነው። በውጊያ መካከል ጥጃ ማን ይገፍለታል?»

«ታዲያ በምን ተሰብሮ ነው ጋሼ?»

«በምን ይሰበራል፤ የእኛ ሰው ጠመንጃ ሲመረኮዝ፣ እባብ ሲመታበት፣ በር ሲያስደግፍበት አይደል የሚኖረው። ይልቅ ዋጋውን ጠይቅልኝ።»

ዋጋውን ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ለጠፍሩ ብቻ ነው?» አሉኝ።

ሻጩ አልዋሸም ለማለት አልችልም፤ ግን ያላወቀው የእኛን ታሪክ ብቻ ሳይሆን በእጁ የያዘውን ብረትም ነበር። ጠመንጃው ቬተርሊ ነው። ጣልያኖች አድዋ ላይ በብዛት የያዙት በእርግጥ ቬተርሊ ነበር፤ አዲሱ የ1891 ካርካኖ ቢኖርም የተከማቸው የድሮ ጥይት እንዲያልቅ ተብሎ ወታደሩ አሮጌውን ይዞ እንዲዘምት ተደርጓል። እስከዚህ ድረስ ወሬው ያምራል። ነገር ግን ያ ቬተርሊ የጥይቱ መጠን 10.35 ሚሊሜትር ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጣልያን የጠመንጃ እጥረት ሲያስጨንቃት ከ1915 ጀምሮ ብዙዎቹን ቬተርሊዎች በርሜላቸው ውስጥ ሌላ ቧንቧ አስገብታ ወደ 6.5 ሚሊሜትር ለወጠቻቸው፤ ካዝናቸውንም ቀየረች። ጠረጴዛው ላይ ያለው ጠመንጃ ይህ የተለወጠው ነው። አድዋ ላይ ተማርኮ ቢሆን ኖሮ በ1915 ሮም ምን ይሠራ ነበር? ወደ እኛ አገር የመጣው በሁለተኛው ወረራ፣ ከ1935 ወዲህ ነው። ይህ ደግሞ ታሪክ ያልሆነ ይመስል ሻጩ አይፈልገውም፤ አምስት ዓመት ሙሉ በየዱሩ የተዋጉት አርበኞች በእንግሊዝኛ አድዋን ያህል አይታወቁም፤ ዋጋም አያስጨምሩም። በነገራችን ላይ እነዚህን የተለወጡ ቬተርሊዎች መተኮስ አደገኛ ነው ብለው አዋቂዎቹ ያስጠነቅቃሉ፤ ለጥቁር ባሩድ ዘመን የተሠራ ቃታ የኋለኛውን ጥይት ግፊት እንዲችል አልታሰበም።

በፈረንጅ ብቻ ስቀን እንዳንቀር ወደ ራሳችን ቤት እንዙር። ከአድዋ የተማረከ ጠመንጃ የሌለው ቤተሰብ ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም። ግድግዳው ላይ የለም እንጂ በወሬው አለ፤ «ደርግ ወሰደው»፣ «አጎቴ ሸጠው»፣ «ገጠር ተቀብሮ ነው ያለው» ይባላል። አንዳንዱ ዘንድ በእርግጥ ተገኝቶ ሲታይ ደግሞ ጉዱ ይፈላል። አንድ ወዳጄ የአያቱን ጠመንጃ ፎቶግራፍ ልኮልኝ «ይኸው፣ 88 ይላል፤ የአድዋው ዘመን 1888!» አለኝ። የ1888ቱ የጀርመን ጠመንጃ በጎኑ ላይ 88 ተብሎ ይጻፍበታል፤ የሞዴሉ ስም ነው። የበርሊን ብረት ሠራተኛ በእኛ ዘመን አቆጣጠር፣ ያውም ጦርነቱ ስምንት ዓመት ሲቀረው፣ የድላችንን ዓመት ቀድሞ ጻፈልን ብሎ ማመን ለወዳጄ አልከበደውም። እውነቱን ብነግረው ተቀየመኝ፤ «አንተ ደግሞ የአገርህን ታሪክ ታጣጥላለህ» አለኝ።

የአድዋ ታሪክ የማንም የአጎት ጠመንጃ አያስፈልገውም። ይልቅ ከዚያ ታሪክ የምንማረው ሌላ ነገር አለ፤ አሮጌ ጠመንጃ እንዴት እንደሚገዛ። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ግጥሙን ትቶ በ1880ዎቹ ነጋዴ ሆኖ ነበር። ለንጉሥ ምኒልክ ሊሸጥ 2,040 ጠመንጃና 60,000 ጥይት በአፋር በረሃ በግመል ጭኖ ሸዋ ገባ። የላከው ደብዳቤ እንደሚለው ጠመንጃዎቹ ከአገልግሎት ከወጡ አርባ ዓመት የሆናቸው፣ ሊየዥ ውስጥ በአሮጌ መሣሪያ ነጋዴዎች ዘንድ ሰባት ወይም ስምንት ፍራንክ የሚያወጡ ነበሩ፤ ለሸዋው ንጉሥ አርባ ፍራንክ ያህል ሊሸጣቸው ነው ያሰበው። የሠራዊት ትራፊ ንግድ ማለት ያኔም ዛሬም ይኸው ነው።

ንጉሡ ግን የሻንቲሊ ደንበኛ አልነበሩም። «ይህ ጠመንጃ በየትኛው ጦርነት ተተኮሰ?» ብለው አልጠየቁም። አንድ በአንድ ዋጋ አንነጋገርም፣ ጠቅላላውን በጅምላ እንግዛ አሉ፤ ዋጋውን ቀነሱ፤ ከዚያም ላይ የሞተው የራምቦ ሸሪክ የነበረበትን ዕዳ ቀነሱ፤ ቀሪውን ሐረር ሄደህ ከመኮንን (ኋላ ራስ) ተቀበል ብለው አሰናበቱት። ራምቦ ኪሳራውን እያማረረ ደብዳቤ ጽፏል። ምርጥ ቃላት የሚያውቅ ባለቅኔ እንኳ ለአሮጌ ብረት በታሪክ ማሳመሪያ ከእሳቸው ላይ ትርፍ ማውጣት አልቻለም። ዛሬ ግን ሻጩ ሣጥኑ ውስጥ እጁን ሰድዶ «ደህናውን መርጬ ላውጣልህ» ብሎ የመምረጫ ተጨማሪ ዋጋ ይጠይቃል፤ ገዢውም አመስግኖ ይከፍላል።

እነዚህን ሰብሳቢዎች እየተሣለቅሁባቸው ቢሆንም አልጠላቸውም። ከመካከላቸው የፋብሪካ መዝገብ ሲያገላብጡ የሚያድሩ፣ በተረሳ ጦርነት ማን ምን እንደታጠቀ ከብረቱ አንብበው ያወጡ አሉ። ስለ ጣልያን ወረራ መሣሪያ ከአንዳንዱ የእኛ ምሁር ይልቅ የፔንሲልቫኒያ ቧንቧ ሠራተኛ ቢያውቅ ጥፋቱ የቧንቧ ሠራተኛው አይደለም። እነሱም ለአዲስ ገቢ የሚሰጡት ጥሩ ምክር አላቸው፤ «ጠመንጃውን ግዛ፣ ወሬውን አትግዛ» ይላሉ። ይህን ተናግረው ሲያበቁ ዞር ብለው ወሬውን ይገዛሉ።

ስለዚህ ምክሩን በእኛ አስተካክዬ ልሰናበት። ቤታችሁ አሮጌ ጠመንጃ ካለ፣ ወይም ነበር የሚባል ካለ፣ አረጋዊው ሳይሞቱ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ፤ ማን ያዘው፣ ከማን ገዛው፣ በምን ዓመት፣ በስንት ላም ለወጠው የሚለውን በስማቸው ጻፉት። በላም የተገዛ ጠመንጃ ማለት ነውር የለበትም፤ አብዛኛው እንዲያ ነው የተገዛው። ከዚያ ብረቱን በፋኖስ አንብቡት። ካርካኖ ከሆነና በርሜሉ ላይ 1937 ከተባለ፣ ከጎኑም የፋሽስቱ ዘመን በሮማ ቁጥር ከተጻፈ፣ ቅድመ አያታችሁ አድዋ ላይ አልማረኩትም። አያታችሁ ከግራዚያኒ ወታደር ማርከውት ከሆነ ግን ያ ምን ያንሳል?